የደንበኛን ጠባይ በኢንተርኔት ስለ መመርመር፤ የቡና ወዳዶች ማኅበር ምሳሌ

በአማርኛ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ወገን ያቅፋል። ዘወትር ከአንድ ሱቅ የሚገዛ ሰው የባለሱቁ ደንበኛ ነው፤ ባለሱቁም በፈንታው የገዢው ደንበኛ ይባላል። ቃሉ መተዋወቅን፣ መተማመንንና ነገም ተመልሶ መምጣትን በውስጡ ይዟል። ቅቤ ሻጪቱ የትኛዋ ወይዘሮ ለጋ ቅቤ እንደምትወድ፣ የትኛዋ በሳሉን እንደምትሻ፣ የትኛዋስ አሽትታና ቀምሳ ዋጋ ሳትጠይቅ እንደምታልፍ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። እንዲህ ያለው ዕውቀት ፊት ለፊት በመተያየትና አብሮ በመቆየት የሚገኝ ነው።

ነገር ግን ዕቃው በፋብሪካ እየተሠራ ተራራና ባሕር ተሻግሮ በሚሸጥበት ንግድ ሠሪና ገዢ አይተያዩም። ለፋብሪካው ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰው ስንት ሣጥን ሳሙና እንደ ተሸጠ የሚያመለክት የቍጥር መዝገብ ነው። ቍጥሩ ከአምናው አንሶ ቢገኝ ለምን እንዳነሰ መዝገቡ አይናገርም። ገዢዋ ሳሙናውን የተወችው ስለ ጠረኑ ይሁን፣ ስለ ዋጋው ይሁን፣ ወይስ ጎረቤቷ በተናገረችው በአንዲት ቃል ምክንያት ይሁን ከቍጥሩ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ከመቍጠር ሌላ የመጠየቅ፣ የማዳመጥና የመመልከት ጥበብ አስፈለገ። ይህም በምሁራን ዘንድ ዓይነታዊ ምርምር ይባላል። መጠናዊው ምርምር «ስንት?» ብሎ ሲጠይቅ ዓይነታዊው «እንዴት? ስለ ምን? እንዲህ ሲል ምን ማለቱ ነው?» እያለ ይጠይቃል።

የዚህ ጥበብ ሥሩ ከነጋዴ ቤት ብቻ የበቀለ አይደለም። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ሕዝብ መካከል ድንኳን ተክሎ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ከኖረ በኋላ በ1922 ያሳተመው መጽሐፍ ከሕዝብ ጋራ እየኖሩ የማጥናትን ልማድ አጸና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ በቪየና አጠገብ የምትገኘው ማሪየንታል የምትባለው መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ተዘግቶ ሕዝቧ ሥራ ስላጣ፣ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል የሥራ አጦቹን ኑሮ መርምረው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች አንድ ደንብ አውጥተው ነበር፤ ይኸውም ከአጥኚዎቹ ማንም ቢሆን ተመልካች ብቻ ሆኖ ወደ መንደሪቱ እንዳይገባና እያንዳንዱ ለሕዝቡ የሚጠቅም አንዳች ሥራ ይዞ እንዲገባ የሚል ነው። ልብስ ለማደል ወደ የቤቱ ሲገቡ ስለ ኑሮው ይጨዋወቱ ነበር። ይኸው የላዛርስፌልድ ተቋም በሌላ ወገን ከነጋዴዎች ገንዘብ እየተቀበለ የገዢዎችን ጠባይ ያጠና ስለ ነበረ፣ የሥራ አጡንና የሸማቹን ኑሮ የመረመረው አንድ እጅ ነው ለማለት ይቻላል።

ላዛርስፌልድ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በ1941 ሮበርት መርተን የተባለውን የኅብረተሰብ ሊቅ የራዲዮ አድማጮች ወደሚጠኑበት ክፍል ወሰደው። በክፍሉ የተሰበሰቡት ሰዎች የሚያዳምጡት ነገር ሲያስደስታቸው አረንጓዴ፣ ሲያስከፋቸው ቀይ አዝራር ይጫኑ ነበር፤ ከዚያም አንድ ጠያቂ ስለ ምን እንደ ተጫኑ ይጠይቃቸዋል። መርተን የጠያቂው አነጋገር ሳይታወቀው መልሱን እየመራ መሆኑን ተመልክቶ ነቀፈ። ከዚህ ነቀፋ የተነሣው አጠያየቅ በ1946 በጽሑፍ ወጣ፤ በኋላ ዘመን የገበያ አጥኚዎች ሁሉ የለመዱት የቡድን ውይይት ከዚያ የተወለደ ነው። ስድስት፣ ስምንት፣ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንድ አወያይ ጨዋታውን ያንቀሳቅሳል፤ ዕቃውን የሚሸጠው ድርጅት ሰዎች ደግሞ አንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ።

የዚህ አሠራር ጉድለት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ረጅም ማስረጃ አያስፈልገውም፤ «ይሉኝታ» ማለት ይበቃል። ሽማግሌ በተቀመጠበት ወጣቱ አይቃወምም፤ የጋበዘውን ሰው ዕቃ በፊቱ ማናናቅ ነውር ይመስላል፤ ድኻውም ርካሹን እንደሚገዛ በሰው ፊት ለመናገር ያፍራል። ይሉኝታ የሚለውን ስም አይወቁት እንጂ ነገሩ በኒው ዮርክም በለንደንም አለ።

ኢንተርኔት በመጣ ጊዜ አጥኚዎቹ በመጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ጠረጴዛ ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ነበር። ተጠያቂዎች በየቤታቸው ሆነው በአንድ ሰዓት እየጻፉ ወይም በቪዲዮ እየተያዩ ይወያያሉ። ወይም ደግሞ አወያዩ ጥያቄውን ጠዋት ጽፎ ይተዋል፤ እነርሱም ጊዜ ባገኙ ቍጥር እየገቡ ለብዙ ቀናት ይመልሳሉ። ሌሎችም በእጅ ስልካቸው የማዕዳቸውን፣ የጓዳቸውን፣ የልብስ ማጠቢያቸውን ፎቶግራፍ እያነሡ እንደ ዕለት ማስታወሻ ይልካሉ። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ከሰው ባራራቀ ጊዜ ይህ አሠራር በብዙ አገር አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው መንገድ ሆነ። በጽሕፈት በሚደረገው ውይይት ይሉኝታው በመጠኑ ይቀንሳል፤ ፊት የማይታይ ስለ ሆነ ሰው የልቡን ይጽፋል። ነገር ግን በዚያው ልክ የፊቱ መለዋወጥ፣ የድምፁ መሰበርና የዝምታው ርዝመት አብረው ይጠፋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው ሁለተኛው መንገድ ሰዎችን ጠርቶ ከመጠየቅ ይልቅ ማንም ሳይጠራቸው ከተሰበሰቡበት ሄዶ ማዳመጥ ነው። ሮበርት ኮዚኔትስ የተባለው የገበያ ጥናት ምሁር ስታር ትሬክ የተባለውን የቴሌቪዥን ታሪክ የሚወዱትን ሰዎች ሲያጠና ይህን አሠራር «ኔትኖግራፊ» ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው ከ1995 የጀመረ ሲሆን ኢንተርኔትንና ኢትኖግራፊን ያጣመረ ነው። ዘዴውን በሰፊው ያስረዳው ግን በ2002 ባወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ ለምሳሌ የመረጠውም «አልት ኮፊ» የሚባለውን የቡና ወዳዶች የውይይት ቡድን ነበር። ይህ ቡድን ዩዝኔት በተባለው መረብ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ መረቡ ራሱ ከኢንተርኔት መስፋፋት በፊት በ1980 በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተጀመረ ነው። እያንዳንዱ ሰው ጽሑፉን ይልካል፤ ሌላው አንብቦ ይመልሳል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ሲኒ ቡና ለዓመታት ሲከራከሩ ይኖራሉ።

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንደሚባለው፣ አጥኚው ከሁሉ አስቀድሞ ያገኘው ቋንቋቸውን ነው። በቡናው ላይ ስለሚንሳፈፈው ወርቃማ አረፋ፣ የተፈጨውን ቡና በማሽኑ ውስጥ ስለ መጠቅጠቅ፣ ቡናው ከተቈላ ስንት ቀን እንደ ሆነው የሚናገሩበት የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። በሕይወት ዘመን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገኘውን ፍጹም የኤስፕሬሶ ሲኒ የሚጠሩት በእግዚአብሔር ስም ነበር። ቡናን እንደ ሃይማኖት ይዘውታል፤ በቀልድ መልክ ይናገሩት እንጂ ቀልዱ ግማሽ እውነት ነበር። ስታርባክስ የተባለውን ከሲያትል የተነሣ ታላቅ የቡና ቤት ድርጅት ሲያነሡም አሳባቸው የተከፈለ ነው። ለብዙዎቹ ደኅና ቡናን ያስተዋወቃቸው እርሱ መሆኑን አይክዱም፤ ሆኖም ቡና አፍይው ባለሙያ መሆኑ ቀርቶ ቍልፍ ተጫኝ መሆኑን ያማርራሉ። መጠይቅ አዘጋጅቶ «ስታርባክስን ይወዳሉ ወይስ አይወዱም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ይህን ውለታና ቅሬታ የተቀላቀለበት ስሜት በአንድ ምልክት ሊያስፍረው ባልቻለም ነበር።

ከፍ ያለ ቦታ የደረሱት የቡድኑ አባሎች ከሱቅ የተቈላ ቡና መግዛትን ትተው ጥሬውን እያስመጡ በቤታቸው ይቈላሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ግኝት ፈገግታን ሳያስነሣ አይቀርም። ጥሬውን አጥቦ በብረት ምጣድ መቍላት፣ ጢሱን ለተቀመጠው ሰው ማዞር፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ በጀበና ማፍላት፣ ጎረቤትን «ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራት በኢትዮጵያ የዘወትር ሥራ ነው እንጂ የሊቃውንት ደረጃ አይደለም። ሆኖም ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከት ልዩነቱ ትምህርት አለው። በኢትዮጵያ የቡናው ነገር የሚቈጠረው በሲኒው ሳይሆን በተራው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጨዋታው እንዲረዝም ቡናው ይቀጥናል። በአልት ኮፊ ግን ሰው ቡናውን ለብቻው ጠጥቶ ጨዋታውን በጽሕፈት ያደርጋል። መሰብሰቡ አለ፤ ሲኒው ግን የየብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር «እውነተኛ ማኅበር አይደለም» ብሎ መናቅ ስሕተት ይሆናል፤ መተራረም፣ መመካከር፣ ዐዲስ መጤን ማስተማርና የተሳሳተውን መገሠጽ ሁሉ በውስጡ ይገኛሉና።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በቤታቸው ቡና የሚቈሉ አሜሪካውያን በደረቁ የተዘጋጀውን የሐረር ቡና ጣዕም ሲገልጹ ብዙ ጊዜ ብሉቤሪ በሚባለው በሰሜን አሜሪካ በሚበቅል ሰማያዊ ፍሬ ይመስሉታል። ቡናውን የሚያመርተው የሐረርጌ ገበሬ ይህን ፍሬ አያውቀውም፤ እርሱ ከዚያው ተክል ቅጠሉን አፍልቶ ቁጢ ይጠጣል፤ ፍሬውንም በጨው ወይም በወተት ያጣጥማል። አንዱ ባንዱ አፍ ውስጥ ያለውን ጣዕም ሳያውቅ ይሸጣል፤ ሌላው የሻጩን ሳያውቅ ይገዛል። ዋጋውን የሚያወጣው ግን የገዢው አነጋገር ነው። የቡናው ስም በገዢዎች አፍ ያለው ኀይል በገንዘብ የሚመዘን መሆኑ በግልጽ የታየው የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በጠየቀ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ በጋዜጣና በኢንተርኔት ሰፍቶ ብዙ ቡና ጠጪዎች ሳይቀሩ ገቡበት፤ በመጨረሻም በሰኔ ወር 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ከዚያ በፊት በአልት ኮፊና በመሰሎቹ ይርጋ ጨፌ የሚለውን ስም በአክብሮት የሚጽፉት ሰዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ ሳያውቁት መስካሪዎች ሆነው ቈይተዋል።

አጥኚው እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ በእኩል አይመዝንም። ኮዚኔትስ በ1999 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ሰዎቹን በሁለት ነገር ለይቷቸዋል፤ ከዕቃው ጋራ ባላቸው ፍቅርና ከማኅበሩ ጋራ ባላቸው ወዳጅነት። ሁለቱም የሌለው እንደ መንገደኛ አንድ ጥያቄ ጠይቆ የሚያልፍ ነው። ወዳጅነቱ ኖሮት ለዕቃው ግድ የሌለው ለጨዋታ የሚመጣ ነው። ዕቃውን ከልቡ እየወደደ ከሰው የማይቀላቀልም አለ። ሁለቱም ያሉት ግን የቤት ሰው ነው፤ የማኅበሩን ቋንቋና ፍርድ የሚያበጀው እርሱ ስለ ሆነ አጥኚው ይበልጥ የሚያዳምጠው እርሱን ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው፤ እያነበቡ ዝም የሚሉት እጅግ ይበዛሉ። ጭራሹን ከመረቡ ውጭ ያለው ደግሞ ከዝምተኞቹም ቍጥር አይገባም። የቡና ወዳዶቹን ቃል የሰማ አጥኚ ስለ ቡና ወዳዶች ተማረ እንጂ ስለ ቡና ጠጪ ሁሉ አልተማረም። ይህን ልዩነት የሚዘነጋ ነጋዴ ለጥቂት ሊቃውንት የተዘጋጀ ማሽን ሠርቶ ለሺህ ሰው ለመሸጥ ይነሣና ይከስራል።

ቋንቋን ሳያውቁ ቃል መቍጠርም እንዲሁ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ድርጅቶች ሰው የጻፈውን በማሽን እያስነበቡ ስንቱ ቃል ምስጋና፣ ስንቱ ነቀፋ እንደ ሆነ ያስቈጥራሉ። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ገዛው ዕቃ «በጣም ግሩም ዕቃ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራልኝ» ብሎ ቢጽፍ ቃል ቈጣሪው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥለዋል። በአዲስ አበባ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡትን ሰዎች የሚያጠና እንግዳም ሌላ ዕንቅፋት ይገጥመዋል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ የዕቃውን ሥዕል ያወጣና ዋጋውን «በውስጥ መስመር» እንዲጠይቁት ይነግራል። በአደባባይ የሚታየው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ክርክሩ፣ ልመናው፣ «ቀንስልኝ» መባባሉ፣ የደንበኝነቱ ወግ ሁሉ የሚፈጸመው አጥኚው በማይደርስበት ጓዳ ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ እንደ ሰው አሳክቶ የሚጽፍ ማሽን በብዙ ሰው እጅ ስለ ገባ፣ ጸሓፊው ሰው ነውን የሚለው ጥያቄ የአጥኚው የመጀመሪያ ጥያቄ ሆኗል።

ከሁሉ የከበደው ነገር የፈቃድ ጉዳይ ነው። በመንደር የሚያጠና ሰው ቢያንስ ይታያል፤ ልጆች ይከተሉታል፤ ሽማግሌዎች ከየት እንደ መጣ ይጠይቁታል። በኢንተርኔት የሚያዳምጥ ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ እንደ ቆመ ሰው ነው። ኮዚኔትስ በ2002ቱ ጽሑፉ አጥኚው ማንነቱንና የመጣበትን ጉዳይ ለማኅበሩ እንዲገልጥ፣ የጸሓፊዎቹን ስም እንዲሰውር፣ የማንንም ቃል እንዳለ ከመጥቀሱ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የደረሰበትንም ውጤት ለራሳቸው አሳይቶ አስተያየታቸውን እንዲቀበል መክሯል። ይህን ምክር ሁሉም አልተቀበሉትም። ሮይ ላንገርና ሱዛን ቤክማን በ2005 ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና የሚወያዩ ሰዎችን ካጠኑ በኋላ፣ ለማንም ክፍት በሆነ መድረክ የተጻፈ ቃል ጋዜጣ ላይ እንደ ወጣ ደብዳቤ ሊቈጠር እንደሚችልና አጥኚው ራሱን ቢገልጥ እንዲህ ስላለው ምስጢራዊ ጉዳይ የሚናገር እንደማይገኝ ተከራክረዋል። የሁለቱም ወገን ክርክር ክብደት አለው። ይሁን እንጂ የጋዜጣው ምሳሌ ደካማ ይመስላል፤ ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ለማያውቀው አንባቢ መጻፉን ያውቃል፤ ስለ ሕመሙ ለመሰሎቹ የሚጽፍ ግን አደባባይ ላይ ቢሆንም ጓዳ ያለ ይመስለዋል።

ስምን መሰወር ብቻውን እንደማያድን ደግሞ በነሐሴ ወር 2006 ታይቷል። ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለምርምር እንዲጠቅም ብሎ ወደ 650,000 የሚጠጉ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ያደረጓቸውን 20 ሚሊዮን ያህል የኢንተርኔት ፍለጋዎች አወጣ። የሰዎቹ ስም ወጥቶ በቦታው ቍጥር ተተክቶ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን የጋዜጣ ሰዎች ከአንዲቱ ቍጥር በስተጀርባ ያሉትን አሮጊት ከፍለጋዎቻቸው ተነሥተው ለይተው ቤታቸው ድረስ ሄዱ። ድርጅቱ መዝገቡን ቢያነሣውም ገልብጠው የያዙት ብዙዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ አጥኚዎች ከመድረክ የወሰዱትን ቃል እንዳለ ከማተም ይልቅ በሌላ አነጋገር ለውጠው ይጽፉታል፤ እንዳለ የታተመ ዐረፍተ ነገር በኢንተርኔት ቢፈለግ ወደ ጸሓፊው በር ያደርሳልና።

ራሱ ዩዝኔትም ለዚህ ምስክር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ ይጻፍ የነበረው ቃል በኮምፒዩተሮቹ ላይ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ቈይቶ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ይጠፋ ነበር፤ ጸሓፊዎቹም ይህን እያወቁ እንደ ማንኛውም የቡና ላይ ጨዋታ ይጽፉ ነበር። በ1995 ግን ዴጃ ኒውስ የተባለ ድርጅት ጽሑፎቹን እያከማቸ ማንም እንዲፈልጋቸው አደረገ፤ በ2001 ደግሞ ጉግል ክምችቱን ገዛው። ጉግል ከየካቲት ወር 2024 ጀምሮ ዐዲስ የዩዝኔት ጽሑፍ መቀበሉን አቁሟል፤ አሮጌዎቹ ግን አሁንም ተፈልገው ይገኛሉ፤ የቡና ወዳዶቹም ስለ አረፋና ስለ ቈላ የተከራከሩበት ቃል ከነዚሁ መካከል አለ።